አቃጥሉት የተባለው ኮምፒውተር

ፌስታሉ ውስጥ ስድስት ሳሙና ነበር። አምስቱ ሳሙና ናቸው።

«ስድስት ነው ያልሽኝ?» አለ ሙስአብ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

«ስድስት። የሚሸተው ይሁን።»

«የሚሸተው አልቋል። የማይሸተውን ውሰጂ።»

የተስማሙበት ቃል ይኸው ነው። ራህማ ፌስታሉን ተቀብላ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ጎጃም በረንዳ ጋሪና ተሸካሚ ሞልቶት መርገጫ የለም። ኩንታል የተሸከመ ሰው «ወገድ! ወገድ በይ እናቴ!» እያለ ገፍቷት አለፈ። ለሚስጥር ርክክብ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። እዚህ ሰው ሰውን አያይም፤ የሚያየው ዕቃ ነው።

ራህማ የሚለው ስም የእሷ አይደለም። መሥሪያ ቤቷ ያለበሳት ነው። በሚስጥር ፋይሉ ላይ ደግሞ «ወንፊት» ትባላለች። ስምንት ወር ሙሉ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ እያለች፣ ከሲኒማ ራስ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ላፕቶፕ ስትጠግን ኖራለች። ሙስአብ ደግሞ ልታስይዘው ለመጣችው ሰው፣ ለውብሸት፣ ፕሮግራም የሚሠራ ልጅ ነው፤ ለርክክቡ ሳሙና ሻጭ መስሎ ነው የተቀመጠው። ሁለት ሳምንት ለምናው ዛሬ እሺ አላት።

«ፕሮግራሙ ብቻውን አይነሳም» አለ ሙስአብ፣ የቀረውን ሳሙና የሚደረድር መስሎ። «አንድ የሚጎድለው አለ።»

«ምን?»

«መጀመሪያ የሠራሁበት ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው። ውብሸት ሰሞኑን አቃጥሉት ብሎ ለዘበኛው ሰጠው።» ለአፍታ ፈገግ አለ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ መርካቶ ውስጥ ብረት ሲቃጠል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ፈገግታው እዚያው ደረቀ። እሷን አልፎ ነው የሚያየው።

ባለ ቡኒ ኮፍያ ሰው።

ከበርበሬ ጆንያዎቹ ጀርባ ቆሟል። አይገዛም። አይሸጥም።

«ከአሁን በኋላ አታውቂኝም» አለ ሙስአብ። እህል ጭኖ በሚወጣ አይሱዙ ኋላ ተንጠለጠለ፤ ሸራው ውስጥ ገባ፤ ጠፋ። ባለ ኮፍያው ሮጠ። ጋሪ ገባበት፣ ከገፊው ጋር ተሰዳደበ፣ መኪናው አመለጠው።

ራህማ አልሮጠችም። የሮጠ ይታያል። ሳሙናዋን አቅፋ፣ የሽንኩርት ዋጋ እየጠየቀች፣ ሦስት መታጠፊያ ዞራ ሱቋ ገባች።

ሥራው ምን መሰላችሁ? ውብሸት የመድኃኒት አስመጪ ነኝ ይላል። ድንቄም አስመጪ! ለታመሙ ጨቅላ ሕፃናት የሚሰጥ መርፌ፣ ጊዜው ያለፈበትን፣ ከየስርቻው ያስለቅማል። እዚያው ጎጃም በረንዳ ባለው መጋዘኑ ውስጥ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ይዘፈዘፋል። አሮጌው ወረቀት ይላጣል፣ አዲስ ይለጠፋል፣ ብልቃጡ ሁለት ዓመት ዕድሜ ተጨምሮለት ይወጣል። ራህማ ያንን ሳፋ አይታዋለች። ውሃው ላይ የሙጫ ቅባት ይንሳፈፋል። አንዱ ሠራተኛ እግሩን ሲታጠብበትም አይታለች። ውብሸት ካርቶን ላይ ተቀምጦ ጥብስ ይበላና ጣቱን በተላጠው ወረቀት ይጠርጋል። «ነይ ብዪ እንጂ ራህሚቲ፣ አትግደርደሪ» ይላታል፣ ጉንጩ ሞልቶ። ከዚያ ትዝ ይለዋል። «አይ፣ ለካ የሙስሊም ሥጋ አይደለም!» ብሎ ይስቃል። ያለበሷት ስም የጠቀማት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ እጅ ከመጉረስ ሳፋውን መጠጣት ይሻላል።

ከሁሉ የከፋው ግን የወረቀት ማተሚያዋ ናት። ስትበላሽ የምትጠግናት ራህማ ናት። ጠግና፣ ለሙከራ ብላ፣ ብዙ ወረቀት ያተመችውም ራሷ ናት። ሮለሯ ስለተጫረ በወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ላይ ቀጭን ግራጫ መስመር ይወጣል። «እንዲያምኑሽ ነው፣ አድርጊው የኔ ልጅ» ብለው ያዘዟት የቅርብ አለቃዋ ጋሼ ይድነቃቸው ናቸው። ኤጭ! እጇን በሎሚም በአመድም ፈትጋዋለች። ማተሚያዋን የምትወለውልበት የአሴቶን ሽታ አልለቅ ብሏታል።

መሥሪያ ቤቱ መጋዘኑን ዛሬውኑ ሰብሮ መግባት ይችላል። የወጣው መርፌ የትኛው ክሊኒክ እንደገባ የሚያሳየው ግን አንድ የተቆለፈ መዝገብ ብቻ ነው። መዝገቡን የሚከፍተው የሙስአብ ፕሮግራም ነው። ሁለቱም ስድስተኛው ሳሙና ውስጥ፣ ጥፍር በምታክል ፍላሽ ላይ ናቸው።

ሳሙናውን በቢላ እየፈለጠች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ሰልሳቢል ናት፣ በጎን ሱቅ ሻሽና ነጠላ ጫማ የምትሸጠው ጎረቤቷ። ከአምስት ቀን በፊት ሴት ልጅ ወልዳ፣ ሕፃኗ ታምማባት፣ ራጉኤል አካባቢ ያለ ክሊኒክ ይዛት ተኝታለች።

«ራህሚቲ፣ ትኩሳቷ አልወረደም» አለች። ድምፅዋ ደክሟል። «ሁለት ጊዜ ወጓት። ሦስተኛውን ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚወጓት። ምን አጥፍቼ ነው?»

«ምንም አላጠፋሽም። አይዞሽ፣ አላህ አለ።»

«በሰባተኛው ቀን ስም ሲወጣላት ራህማ ነው የምላት፣ ወላሂ። ሆዴ ገፍቶ ደረጃ ሲያቅተኝ ውሃ ያመላለስሽልኝ አንቺ ነሽ…» ስልኩ ጢጥ ጢጥ አለ። «ቻርጄ እያለቀ ነው፣ በቃ ቻው።»

ራህማ ስልኩን እያየች ቀረች። ያ ክሊኒክ መዝገቡ ውስጥ ይኑር አይኑር አታውቅም። ዝም ብላ አስቁሚ ብትላት፣ መድኃኒቱ ደህናው ከሆነስ? ያለ መርፌ ሕፃኗ አታድርም። መርፌው የውብሸት ከሆነም አታድርም። ማወቂያው መዝገቡ ብቻ ነው። ለስምንት ሰዓት አራት ሰዓት ተኩል ቀርቶታል።

ፍላሹን ሰካች። የኢንተርኔት ገመዱን ነቀለች። ፕሮግራሙን ቀሰቀሰችው።

አንዲት መስመር ጽፎ ሞተ።

መርካቶ ውስጥ ሱቅ ገብታችሁ የሌለ ዕቃ ጠይቁ። ባለሱቁ የለኝም አይልም። «ቁጭ በሉ፣ አሁን ይመጣል» ብሎ ከጎረቤት ሱቅ ያስመጣዋል። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የሚሠራ ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ሁሉን ነገር ተሸክሞ አይዞርም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ካሉ፣ ላይብረሪ ከሚባሉ የጋራ የኮድ ስብስቦች እየተዋሰ ይሠራል። ሙስአብ ይህን ፕሮግራም ከአምስት ዓመት በፊት ሠርቶ አሽጎታል። ኮዱ የለም፣ ተከፍቶ አይስተካከልም። ጎረቤቱ ሱቁን ዘግቶ ከሄደ በቃ፣ አይነሳም።

ከማን ከማን እንደሚዋስ ኮምፒውተሩን ጠየቀችው። አሥራ አንድ ስም ዘረዘረ። ከሦስቱ አጠገብ «አልተገኘም» የሚል ተጽፏል።

ሁለቱ ያረጁ ናቸው፤ አዲሱ ሊኑክስ በሌላ ተክቷቸዋል። የሰነፍ ጠጋኝ ዘዴ አለ፦ አዲሱን ላይብረሪ በአሮጌው ስም መጥራት። ቸኩላለችና ሞከረችው። ፕሮግራሙ ብድግ አለ፣ የቀረበለት ያዘዘው እንዳልሆነ አወቀ፣ ተመልሶ ወደቀ። ራህማ ራሷን ታዘበች። በሰው ስም ለጥፎ ማቅረብ! ከውብሸት ሳፋ በምን ተለየ?

መሳቢያዋን ከፈተች። ጠጋኝ አሮጌ ዲስክ አይጥልም። ከአንዱ አቧራ የጠጣ ዲስክ ላይ ትክክለኞቹን ሁለቱን አወጣች። አሁን የቀረው አንድ ነው።

ሊብሸሪክ።

«ሸሪክ» ብሎ ሙስአብ ራሱ የጻፈው ላይብረሪ ነው። የመዝገቡ መክፈቻ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ከኢንተርኔት አይወርድም፣ ከመሳቢያ አይወጣም።

ደንቡ ለአለቃ መንገር ነው። ደወለች።

«ጋሼ፣ ልብሱ ደርሷል። አንድ ቁልፍ ጎድሎታል።»

«የትኛው ቁልፍ?» አሉ ጋሼ ይድነቃቸው።

«ሸሪክ የሚባለው።»

«አገኝልሻለሁ። አንድ ሰዓት ታገሺኝ የኔ ልጅ። አደራ፣ ሌላ ነገር እንዳትነካኪ።»

ስለ አሮጌው ኮምፒውተር አልነገረቻቸውም። ስምንት ወር መርካቶ የኖረ ሰው፣ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ጠረጴዛ ላይ አይዘረግፍም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሞተር ሳይክል በሯ ላይ ቆመ። ነጂው ሳይወርድ ትንሽ ፖስታ ወረወረላት።

«ከጋሼ ነው» አለ።

ራሱ ላይ ቡኒ ኮፍያ ነበር።

ራህማ ቀና ብላ አላየችውም። «እሺ ወንድሜ» ብላ ፖስታውን ቀደደች። ሞተሩ እስኪርቅ ጠብቃ በሩን ዘጋች።

ፖስታው ውስጥ ፍላሽ፣ ፍላሹ ላይ ሊብሸሪክ። ስሙ ልክ ነው። መጠኑም የሚያሳማ አይደለም። ጠጋኝ ግን ያመጡለትን ዕቃ ሳይመረምር አይገጥምም። ፋይሉ የተሠራበትን ቀን አየች። ትናንት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ከማን እንደሚዋስ አየች። ከአዲሶቹ ብቻ ነው፤ ከአምስት ዓመት በፊት ጭራሽ ያልተፈጠሩ ጎረቤቶችን ይጠራል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ! የትናንት ልጅ የአምስት ዓመት ሸሪክ ነኝ ይላታል።

ደግሞስ የሚጎድለውን ስም ለጋሼ የነገረቻቸው ዛሬ ነው። ትናንት ማን ነገራቸው?

መዝገቡን ሌላ ፍላሽ ላይ ኮፒ አደረገች። ኮፒው ላይ ሞከረችው።

ፕሮግራሙ ተነሳ። ስሞች ብቅ አሉ፣ ሊነበቡ ሲሉ ከታች ጀምሮ መጥፋት ያዙ። አንድ፣ አሥር፣ ሁሉም። ማያው ነጭ ሆነ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር። ይድነቃቸው የውብሸት ሸሪክ ነው። ፍላሹን ነጥቆ መውሰድ አይችልም፤ ዘመቻውን የበላይ ኃላፊዋ እትዬ ሠርኬ ታውቀዋለች። መዝገቡ በራህማ እጅ ከጠፋ ግን «ልጅቷ አበላሸችው» ተብሎ ያልቃል። እና ያ ሰውዬ በስልክ «የኔ ልጅ» ይላታል! ማተሚያውን ጠግኚ ሲላትም እንዲሁ ነበር። ላፕቶፗን፣ ፍላሾቹንና የዲስክ ማገናኛ ገመዷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ጊዜ የለም።

ስድስት ሰዓት ከሩብ።

ሙስአብ ምን ነበር ያለው? መርካቶ ውስጥ ብረት ሲቃጠል አይተሽ ታውቂያለሽ? አላየችም። ማንም አላየም። መርካቶ አቃጥል ተብሎ ብረት የተሰጠው ዘበኛ ለቆራሌ ይሸጠዋል። ቆራሌውም ምናለሽ ተራ ያደርሰዋል። ውብሸት ይህን ያህል ዓመት ነግዶ ይህን አለማወቁ ነው የሚገርመው።

ምናለሽ ተራ መዶሻው ጆሮ ያደነቁራል። ጋሼ ሽኩር በርሜል እየቆረጡ ነበር። አሮጌ ዕቃ ስትፈልግ የምትገዛው ከሳቸው ነው። ሽማግሌ ናቸው፣ ስልጤ፣ ያዩትን ብረት የማይረሱ።

«ጋሼ ሽኩር፣ ከጎጃም በረንዳ፣ ከመድኃኒት መጋዘን፣ ቆራሌ ያመጣው ኮምፒውተር ነበር?»

«አቃጥል የተባለው?» ሽማግሌው ሳቁ። «ዘበኛው እየሳቀ ነው አሉ የሸጠው። ሀብት ያቃጥላል እንዴ ሰው፣ ያ ረቢ! ያውልሽ።»

በጣታቸው ምድጃ አሳዩዋት። የኮምፒውተሩ ቆርቆሮ ታጥፎ፣ ተበስቶ፣ እግር ወጥቶለት የከሰል ምድጃ ሆኗል። ጎኑ ላይ የማብሪያው ቀዳዳ አሁንም ይታያል።

«ውስጡስ ጋሼ? ዲስኩስ የት ደረሰ?»

«ዲስክ ማግኔት አለው፤ ስፒከር የሚሠሩት ይወስዱታል። ያው እዚያ እየፈለጡ ነው።»

ጥግ ላይ አንድ ጎልማሳ መሮና መዶሻ ይዞ ተቀምጧል። በግራው የተፈለጡ ዲስኮች ክምር። በቀኙ ያልተፈለጡ አራት።

መሮውን አነሳ።

«ቆይ!» ብላ ጮኸች። «ቆይ ወንድሜ፣ በናትህ!»

ጎልማሳው ደንግጦ ተወው። ጋሼ ሽኩር ፊቷን አዩና ምንም ሳይጠይቁ የአምፖላቸውን ገመድ ነቅለው ሰጧት። «አንቺ አልቅሰሽ አታውቂም» አሉ ብቻ። ማልቀሷን ያወቀችው ያኔ ነው።

ዲስኮቹን በየተራ ላፕቶፗ ላይ ሰካች። የመጀመሪያው ሞቷል። ሁለተኛው የሰው ሠርግ ነው፣ ፎቶ በፎቶ። ሦስተኛው ቀስ ብሎ ተሽከረከረ፣ ተንቋቋ፣ ተከፈተ። የሙስአብ ስም። ሊብሸሪክ። የአምስት ዓመት አቧራ ያለበት፣ ከአሮጌ ጎረቤቶቹ ጋር።

ላይብረሪውን ከፕሮግራሙ አጠገብ አስቀመጠችው። ስትዋስ መጀመሪያ እዚህ ፈልግ ብላ አዘዘችው። ቀሰቀሰችው።

መዝገቡ ተከፈተ። ሃያ ሰባት ክሊኒክ፣ ካርቶን በካርቶን፣ ቀን በቀን። ዓይኗ ወረደ።

ሃያ ሦስተኛ። ራጉኤል አካባቢ።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። ሰልሳቢል ጋ ደወለች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» አላት ስልኩ። ለአደጋ ጊዜ ብቻ በቃሏ የያዘችውን ቁጥር ደወለች፤ መዝገቡንም ላከች።

«ወንፊት ነኝ። እትዬ ሠርኬ፣ አጥሩ ራሱ ሌባ ነው። ይድነቃቸው።»

የሠርኬ ድምፅ፣ ደረቅ፣ «ማስረጃ?» ራህማ ያየችውን ነገረቻት። «ገባኝ። መጋዘኑን ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ እንከባለን። እስከዚያ መዝገቡ ጠፍቷል ብሎ ማመን አለበት። ከነቃ ሁሉንም ጭነው ያመልጣሉ። ሱቅሽ ተመለሺ፣ ባዶውን አሳዪው።»

«ስምንት ሰዓት ላይ የሚወጉት ሕፃን አለ። ሃያ ሦስተኛው ክሊኒክ።»

«ከአንድ ጀምረን እየደወልን ነው። አንቺ ቦታሽን ያዢ።»

ከአንድ ጀምረው! ራህማ ስልኩን ልትፈጠፍጠው ምንም አልቀራትም።

ይድነቃቸው ቀድሟት ሱቋ በር ላይ ቆሟል። ግራጫ ኮት፣ የተወለወለ ጫማ፣ አፉ ውስጥ ስንጥር። ከምሳ ነው የመጣው።

«የት ጠፋሽ የኔ ልጅ?»

«መብራት ሄዶብኝ ባትሪ ልገዛ።»

ገባ። ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ጥርሱን እየጎረጎረ ያወጣውን አየት አደረገና መልሶ ዋጠው። «ከፈትሽው?»

ላፕቶፑን አዞረችለት። ነጭ ማያ። ድምፅዋን እንዲንቀጠቀጥ አላዘዘችውም፤ ራሱ ተንቀጠቀጠ። «ጋሼ… የላኩልኝን ገጠምኩት። ከዚያ ሁሉም ጠፋ። ምን እንደነካሁ አላውቅም።»

ፊቱ ላይ እፎይታው ታየ፣ የጠገበ ሰው እፎይታ። ከዚያ ሐዘን ለበሰበት። «ውይ፣ ውይ። ሰው ሆኖ የማይሳሳት የለም። ኮፒ ይዘሽ ነበር?»

«አልያዝኩም።»

«ፍላሹን ስጪኝ በይ።» ባዶውን ሰጠችው። ኪሱ ከተተና ማኪያቶ አዘዘ። ማኪያቶ! ሕፃን ገድሎ በላዩ ማኪያቶ! እየፉት ስለ ጡረታው አወራት። ቡራዩ ስለሚሠራው ቤት አወራት። የግድግዳው ሰዓት ስምንት ሊሆን ሩብ ጉዳይ አለ።

ድንገት እጅጌዋን እያየ ነው።

ጥላሸት። የምናለሽ ተራ ከሰል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጀነሬተር ጋሼ። መብራት ሄዶ አላልኩዎትም?»

ዓይኑ ከእጅጌዋ አልተነሳም። ስንጥሩን ከአንድ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና የዙህር ሶላት ሊያልፈኝ ነው፤ መስጊድ ካልታየሁ ጎረቤት ይጠረጥረኛል» አለች፣ ሻሿን እያስተካከለች። «ደርሼ ልምጣ። የሠራሁት ሥራ ዱዓ የሚያስፈልገው ነው።»

ሳቀ። «ሂጂ፣ ሂጂ። ለኔም ጨምሪልኝ።»

በሶላት ዋሸች፣ ያውም የራሷ ባልሆነ እምነት። ይህም እላይዋ ላይ ተለጠፈ። እስከ መታጠፊያው ድረስ ተራመደች።

ከዚያ ሮጠች።

የሮጠ ይታያል፤ ይታይ! ከሲኒማ ራስ ወደ ራጉኤል፣ በጋሪ መሀል፣ በተዘረጋ ጫማ ላይ፣ «አንቺ፣ ዓይን የለሽም?» እየተባለች። አንድ ጫማዋ ወለቀ። አልዞረችም።

የክሊኒኩን በር ገፍታ ገባች። ሰልሳቢል አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሕፃኗን ታቅፋ። ነርሷ ብልቃጡን ገልብጣ መርፌዋን እየሞላች።

«አቁሚ!»

እጇን መታቻት። ብልቃጡ ወደቀ፣ አልተሰበረም፣ ተንከባለለ፣ እግሯ ሥር ቆመ። አነሳችው። አዲስ ወረቀት፣ አዲስ ቀን። በቀኝ ጠርዙ ላይ ቀጭን ግራጫ መስመር።

«የተበላሸ ነው» አለች ትንፋሿ ተቆራርጦ። «አትውጓት። አሁኑኑ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዷት፣ ደህናውን መርፌ ይስጧት። ሰልሱ፣ ተነሺ!»

ሰልሳቢል አልገባትም። «ምንድነው? የተበላሸ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

ክፍሉ ሰው ሞልቷል፤ አስታማሚ፣ ዘበኛ፣ በር ላይ የተሰበሰበ። ስምንት ሰዓት ነው። መጋዘኑ እስኪከበብ ግማሽ ሰዓት ይቀራል። መርካቶ ውስጥ ወሬ ከሞተር ይፈጥናል። የመንግሥት ሰው ነኝ ካለች፣ ቃሉ ከፖሊስ ቀድሞ ጎጃም በረንዳ ይገባል። ሌላ ውሸት ብትፈልግ ደግሞ አልመጣላትም። የመጣላት እውነቱ ነው፣ ግማሹ።

«ወረቀቱን ያተምኩት እኔ ነኝ።»

ሕፃኗ ደከም ያለ ድምፅ አሰማች።

«አንቺ?» አለች ሰልሳቢል። ቀስ ብላ ተነሳች። የአምስት ቀን አራስ ናት፣ ግድግዳ ይዛ ነው የቆመችው። «ውሃ ስታመጪልኝ… ያን ጊዜም ታትሚ ነበር?»

«አዎ።»

ሰልሳቢል ፊቷ ላይ ተፋችባት።

ራህማ አልጠረገችውም። ዘበኛው ክንዷን ጠመዘዘ፣ ሰው ተንጫጫ፣ አንዷ በነጠላ ጫማ መታቻት። በሕዝቡ መሀል ሰልሳቢል ልጇን አቅፋ ወደ ታክሲ ስትሮጥ አየች። ለራህማ የሚበቃት ይህ ነው። ፖሊስ መጥቶ በካቴና እስኪወስዳት ድረስ ስሟን ሲጠይቋት «ራህማ» ነበር መልሷ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጋዘኑ ተከበበ። ውብሸት እጁ በቅባት እንደራሰ ተያዘ። ይድነቃቸውም እዚያው ነበር፣ ባዶውን ፍላሽ ሊያበስር ሄዶ። ስንጥሩ አፉ ውስጥ እንዳለ ነው አሉ የፖሊስ መኪና ውስጥ ያስገቡት። ሳፋውን ማስረጃ ብለው ሲጭኑት አንድ ፖሊስ አስመለሰው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እትዬ ሠርኬ አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ገፋችላት። ከሃያ ሰባቱ ክሊኒክ መርፌው ተሰብስቧል። ሁለት ሕፃናት ቀድመው ሞተዋል። የተረፉት ሠላሳ አራት ናቸው፤ ስማቸው ከነእናታቸው ተዘርዝሯል።

«ራህማ የወሮበሎቹ አባል ነበረች፣ ተፈርዶባታል። በመርካቶ በኩል ወሬው ይኸው ነው፣ እንዲህ ሆኖ ይቀራል» አለች ሠርኬ። «የቀሩትን አቅራቢዎች እስክንይዝ እውነቱን ለማንም አትናገሪም። ለጎረቤትሽም።»

የራህማ ጣት በዝርዝሩ ላይ እየወረደ ነበር። ራህማ የሚል ስም ፈለገች። ከላይ እስከ ታች የለም። እንደገና፣ በእናት ስም ፈለገች።

የእናት ስም፦ ሰልሳቢል። የሕፃኗ ስም፦ ሱሀይር።

ቆንጆ ስም ነው። ወረቀቱን በጥንቃቄ ወደ ሠርኬ መለሰችው። እጇን ሳታስበው አሸተተችው፤ አሴቶኑ አሁንም አለ።

«ለሚቀጥለው ሥራ ማን እንበልሽ?» አለች ሠርኬ።

«የፈለጋችሁትን» አለች። ወጥታ ታክሲ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆመች። ከፊቷ የነበረው ሰውዬ ዞሮ አላያትም።